መርከብ በሚወጣበት ቀን የታጠበ ልብስ

ኸል፣ እንግሊዝ፣ ኦክቶበር 12፣ 2003

እታለም ከድሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺም ልጅሽ ቱባም በአላህ ጥበቃ ውስጥ እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከብርዱ በቀር የማማርረው ነገር የለም።

ስልኩን ትቼ ወረቀት የሙጥኝ ያልኩት ካርድ መግዣ አጥቼ አይደለም፤ እንዲያ ብለሽ ማሰቡን ተይው። አንቺ በስልክ «ሃሎ» ስልሽ ብቻ ምን በልቼ እንዳደርኩ ታውቂያለሽ። በወረቀት ግን ሰው እንደ ልቡ ነው። የፈለገውን ይጽፋል፣ ያልፈለገውን ይዘላል።

የጠየቅሽኝ አከራዬ ሚስ ዶሪን ይባላሉ። የእማዬ እኩያ ናቸው። ቤታቸው ሄስል ሮድ ከሚባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ግን አሁን የለም ማለት ይቻላል። ድሮ ከዚህ ተነስተው እስከ አይስላንድ እየሄዱ ያጠምዱ ነበር። አይስላንዶች ባሕራችንን አናስነካም ብለው ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተጣሉ በኋላ መርከቦቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ፣ ወንዶቹም ቤታቸው ተቀመጡ።

ቀኑን የት ታሳልፋለህ ላልሽው፣ ሙዚየም ነው። ሳቂ። በነፃ ያስገባሉ፣ ማሞቂያም አለው። ውስጡ የዓሣ ነባሪ አጽም ተዘርግቷል፤ ርዝመቱ ከእኛ ቤት ደጃፍ እስከ ጎረቤት አጥር ይደርሳል። የዚህ ከተማ ሰዎች እሱን እያደኑ በስቡ ፋኖስ ያበሩ ነበር።

ካየሁት ሁሉ ግን አንቺን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ስዊድኖችና ኖርዌዮች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ መጀመሪያ ከመርከብ የሚወርዱት እዚህ ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚያርፉበት አዳራሽ ተሠርቶላቸው ነበር፣ ሕንፃው ዛሬም ቆሟል። እዚያ ትንሽ አረፍ ብለው በባቡር ወደ ሊቨርፑል፣ ከዚያ በሌላ መርከብ ወደ አሜሪካ። ብዙዎቹ የት የደረሱ ይመስልሻል? ሚኒሶታ፣ አንቺ ሰፈር። በዚያ በኩል ሳልፍ ወረፋ እንደያዘ ሰው ግድግዳውን ደገፍ ብዬ እቆማለሁ። እነሱ አልፈዋል፣ እኔም ኢንሻአላህ አልፋለሁ።

ስለ መኖሪያ ወረቀቴ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ጠበቃው ገና ነው ይላል።

ወንድምሽ ቡርሃን


ሚኒያፖሊስ፣ ኖቬምበር 4፣ 2003

ቡርሃኔ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ቱባ ደብዳቤህን ከፖስታ ሳጥኑ አምጥታ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ሰው አሁንም ደብዳቤ ይጽፋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አጎትሽ ይጽፋል፣ ግን ሁሉንም አይጽፍም አልኳት።

ረመዳን ገብቷል። ማን ያስፈጥርሃል? ለሱሑርስ ማን ይቀሰቅስሃል?

ባለፈው በስልክ ሥራዬን ጠይቀኸኝ ነበር። ያው የሆስፒታሉ ላውንድሪ ነኝ፣ ሺፍቴ ግን ጠዋት ሆኖልኛል። ፊሊፕስ ሰፈር ካለው ቤቴ በአንድ አውቶቡስ እደርሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው አንሶላ ሳጥብ ነው የምውለው። አይሰለችሽም ወይ ላልከው፣ አይሰለቸኝም። የታመመ ሰው የቆሸሸበትን ከላዩ አንስተህ ንጹሕ አድርገህ ስትመልስለት አንድ ነገር ያደረግህለት ይመስልሃል። ይህን ከእማዬ ነው የወረስኩት።

ሱፐርቫይዘሬ ካረን ትባላለች፣ ዘሯ ከስዊድን ነው። ወንድሜ ኸል የሚባል ከተማ ነው ያለው ስላት ሥራዋን አቁማ አየችኝ። አያቷ በልጅነታቸው ሲመጡ ያረፉት እዚያ ነበር። ሲያረጁ ስለ ጉዞው ሲጠየቁ ሌላው ሁሉ ጠፍቶባቸው የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር አለች፤ ከነሱ ጋር ተሳፍሮ፣ እንግሊዝ ሲደርሱ ግን አብሯቸው ያልወረደ ልጅ። የማን ልጅ እንደነበር አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

አሁን ወደ አንተ። ጠበቃው ገና ነው ይላል ብለህ ጻፍክ። ባለፈው ረመዳንም በስልክ ያልከኝ ይህንኑ ነበር። ደብዳቤህን ደጋግሜ አየሁት፤ ስለሞተ ዓሣ ነባሪና ስለ ጥንት ስደተኛ ገጽ ሙሉ አውርተህ ስለ ራስህ አንድ መስመር ነው ያለህ። ያሳደግሁህ ልጅ ነህና የዘለልከውንም ማንበብ አያቅተኝም። ደግሞ ይህ የመርከብ ፍቅር ከየት መጣ? ሐይቅ ዳር አድገህ ታንኳ ላይ ሲያወጡህ የምታለቅስ ልጅ አልነበርክም?

እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ ከድሪያ


ኸል፣ ኖቬምበር 26፣ 2003

እታለም፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ። እኔ እዚህ ካለ መስጊድ ከኩርዶች ጋር ሰግጄ ሩዝ በልቼ ውያለሁ፣ አብሽሪ።

አነበብሽብኝ። እሺ፣ ተቀምጠሽ ስሚኝ። ወረቀቴ ተከልክሏል፣ ይግባኙም ተከልክሏል። የዛሬ ነገር አይደለም፣ ጁላይ ላይ ነው። ከመንግሥት ቤት ካስወጡኝ በኋላ ነው ሚስ ዶሪን ሰው ነግሯቸው የላይኛውን ጓዳ ባዶ አድርገው ያስገቡኝ። አከራይ ያልኩሽ ለወጉ ነው። ኪራይ አይቀበሉኝም፤ እኔም ገበያ እላክላቸዋለሁ፣ አጥር ቀለም እቀባለሁ።

ሥራ አግኝቻለሁ። ወረቀት የማይጠይቅ ካፒቴን አለ። መርከቢቱ ግሬይ ማርጋሬት ትባላለች፤ የድሮ የዓሣ መርከብ ናት፣ ከቁርጥራጭ ብረት የተረፈች አሮጊት። ወደ ሰሜን፣ በኖርዌይ በኩል ሄደን ባሕር ሥር የተዘረጋ ቧንቧ እንጠብቃለን፤ ሌላ መርከብ መረቡን እንዳይጥልበት ማባረር ነው ሥራው። ወንድሜ የባሕር ዘበኛ ሆነ ብለሽ አውሪ። የምንወጣው ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው። በጸደይ ስመለስ ሌላ ጠበቃ ይዤ እንደገና እሞክራለሁ። ወደ አንቺ የሚያደርስ መንገድ ከዚህ ሌላ አልታየኝም፣ እታለም። እዚህ ጓዳ ውስጥ ተደብቄ ማርጀት አልፈልግም።

ዋና አልችልም ስለው ካፒቴኑ ሳቀ። የዚህ ከተማ ዓሣ አጥማጆችም ብዙዎቹ ዋና አይማሩም ነበር አለኝ፤ በዚያ ብርድ ውስጥ መዋኘት ስቃይን ማስረዘም ነው ብሎ። ይህን ባልጽፍልሽ ይሻል ነበር፣ ግን እውነቱን ጻፍ ብለሻል።

የከበደኝ የሚስ ዶሪን ነገር ነው። ስነግራቸው የያዙትን ሳህን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ። ባላቸው ሬይ በወጣትነቱ ከዚሁ ወደብ ወጥቶ አልተመለሰም፣ ፎቶው ሳሎን ውስጥ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ያቀርቡልኛል እንጂ ብዙም አያወሩኝም። ተቆጥተውኛል መሰለኝ።

ቡርሃን


ሚኒያፖሊስ፣ ዲሴምበር 14፣ 2003

ወንድሜ፣

ሰላምታውን ባሳጥር አትቀየመኝ። አትሂድ።

ደብዳቤህን በእረፍት ሰዓቴ አነበብኩት። ስልክ ደወልኩ፣ ሚስ ዶሪን አነሱ፣ የለም አሉ። ደግሜ ደወልኩ፣ የለም አሉ። አስባልካቸው፣ አይደል? በስልክ አትሂድ ካልኩህ እንደምትቀር ስለምታውቅ ነው የሸሸኸኝ። አምስት ወር ሙሉ ደህና ነኝ ስትለኝ ከርመህ አሁን ደግሞ ባሕር።

አንዴ ካሰብክ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ከቤትም ስትወጣ እንዲሁ ነበር፤ ማንም ሳያይህ፣ ለማንም ሳትናገር። አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን አታውቅም። እማዬ ከቤቷ የሚወጣ መንገደኛ ልብሱን በገዛ እጇ ሳታጥብለት ሰድዳ አታውቅም ነበር። በመውጫው ቀን ጠዋት አጥባ፣ አድርቃ፣ አልብሳ፣ እስከ ጅረቱ ወርዳ እስኪሰወር እጇን እያውለበለበች ዱዓ ታደርግለታለች። እንዲህ ካላደረገች ልቧ አያርፍም። አንተን ግን አላጠበችልህም፣ አልሸኘችህም። በደወልኩ ቁጥር ሌላ አታነሳም ነበር። «ልጄ በቆሸሸ ሸሚዝ ሄደ» ትለኝ ነበር፣ እስክትሞት ድረስ።

ስለዚህ ይህን አድርጌያለሁ፣ ቅር እንዳይልህ። ቱባን በእንግሊዝኛ አስጽፌ ለሚስ ዶሪን ለብቻቸው ደብዳቤ ልኬያለሁ። ከቀረህ እሰየው። ከሄድክ ግን በመውጫህ ቀን ጠዋት ልብስህን በእጃቸው አጥበው እንዲያለብሱህ፣ ወደቡ ድረስ ወርደው መርከቢቱ እስክትሰወር እጃቸውን እንዲያውለበልቡልህ ለምኛቸዋለሁ። በእናታችን ቦታ ሆነው። ባላቸውን ለባሕር የሸኙ ሴት ናቸው፣ ከማንም በላይ ይገባቸዋል ብዬ ነው።

ቱባ ስትጽፍ አለቀሰች። በአማርኛ አታለቅስም፣ በእንግሊዝኛም አታለቅስም፣ ያን ቀን ግን አለቀሰች።

ከድሪያ


ኸል፣ ጃንዋሪ 4፣ 2004

እታለም፣

የፈረንጆቹ በዓል ፖስታውን አጓትቶት ነው መሰለኝ መልስሽ እስካሁን አልደረሰኝም። ስትደውዪ የለም ያስባልኩት እኔ ነኝ፣ ሚስ ዶሪንን አትታዘቢያቸው። እሳቸው ውሸት ሲናገሩ አንገታቸው ይቀላል።

ተቆጥተውኛል ያልኩሽ ስሕተት ነበር። ትናንት አስቀመጡኝና፣ ስትወጣ አልሸኝህም፣ በሩም ላይ አልቆምም፣ ይህን እንደ ንቀት እንዳትቆጥረው አሉኝ። ከዚያ የሰፈሩን ወግ ነገሩኝ። እዚህ መርከብ በሚወጣበት ቀን ሴት ልብስ አታጥብም። ካጠበች የራሷን ሰው አጥባ ወደ ባሕር ሰደደችው ማለት ነው። ወደቡ ድረስ ወርዳም አትሸኝም። እጅ ማውለብለብማ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ማዕበል ይጠራል ይላሉ። ወንዶቹ ጎህ ሲቀድ በራቸውን ዘግተው በዝምታ ይወጡ ነበር፣ ሚስቶቹም ጀርባቸውን እንደሰጡ ይቀሩ ነበር። እኛ ሰውን የምንባርክበት ነገር ሁሉ እዚህ ሰው የሚሞትበት ነው።

ሬይ በወጣበት ጠዋት ሚስ ዶሪን አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ከገጠር የመጡ ስለሆኑ ወጉን አያውቁም። ሸሚዙን አጠቡለት፣ ወደቡ ወርደው እጃቸውን አውለበለቡለት። መርከቢቱ ከነሰዎቿ ቀረች። የሌሎቹ ሟቾች ሚስቶች በፊታቸው ክፉ አልተናገሯቸውም፣ ግን እሳቸው ሱቅ ሲገቡ ወሬው ይቆም ነበር። ለዓመታት። አሁንም እንኳ ከወደቡ ማናቸውም መርከብ በሚወጣበት ቀን ሳፋቸው ከውኃ ጋር አይገናኝም።

ሞትና ሕይወት በአላህ እጅ ነው አልኳቸው። «እሱን አውቃለሁ» አሉኝ፣ «ቢሆንም አላጥብም።»

እንግዲህ አንቺ በየቀኑ ስንቱን ሰው አጥበሽ እንደሰደድሽ አስቢው። ቀልዴን ነው።

ኮቴዬን አጥፍቼ እወጣለሁ ማለት ነው። እንዲህ መውጣት ለምጄዋለሁ።

ቡርሃን


ኸል ወደብ፣ ጃንዋሪ 16፣ 2004

እታለም፣

ዛሬ ጁምዓ ነው። የምጽፍልሽ ከግሬይ ማርጋሬት ላይ ሆኜ ነው። ውኃው ሞልቶ የወደቡ በር እስኪከፈት እየጠበቅን ነው። ያንቺም የቱባም ደብዳቤ አብረው የደረሱት ትናንት ነው። በየትኛው አገር ታስረው እንደከረሙ እንጃ።

ሚስ ዶሪን የደረሳቸውን መጀመሪያ ቆመው፣ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት።

«እናትህ ይህን ታደርግ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ላንተስ አድርጋልሃለች?»

«አላደረገችም። ሳልነግራት ነው የወጣሁት።»

ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እህቴ የእናንተን ወግ ሳታውቅ ነው የጻፈችው፣ ይተዉት ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈለግሁት። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ልጅ ተሸኝቼ መውጣት ፈለግሁ፣ እና ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ስወርድ ወጥ ቤት ውስጥ ሳፋ አቅርበው እያጠቡ ነበር። ማሽን አላቸው፣ ግን በእጃቸው ብላ ጽፋለች አሉኝ። የሸሚዜን አንገትጌ ደጋግመው ያሻሉ። ውኃው ይተናል። ጎረቤታቸው በመስኮት አየቻቸውና መጋረጃዋን ጎትታ ዘጋች። ልብሱን ማሞቂያ ላይ አድርቀው፣ አጣጥፈው፣ ደረቴ ላይ አስታቅፈው ሰጡኝ። ወላሂ እማዬ የቆመች መሰለኝ።

አንዷን ሰማያዊ ሸሚዝ ግን ሳያዩኝ አልጋው ሥር ደብቄባቸዋለሁ። እንደቆሸሸች ናት። ልብሴ በሙሉ ታጥቧል አይባልም ማለት ነው፤ ባሕሩ ክስ ካቀረበብኝ እሷን በምስክርነት እጠራለሁ። ሳቂ እንጂ።

አሁን ወደቡ ላይ ቆመዋል። ራሳቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ እንዲልኩልኝ ወርጄ እሰጣቸዋለሁ። ካፒቴኑ እኚህ ሴት ማን ናቸው ብሎ ሲጠይቀኝ እናቴ ናቸው አልኩት። አልሳቀም። እዚህ ምን ያደርጋሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሂዱ በላቸው አለኝ። አልነግራቸውም።

ደስ ብሎኛል፣ እታለም። ዱዓሽ አይለየኝ።

ቡርሃን


ሚኒያፖሊስ፣ ፌብሩዋሪ 22፣ 2004

ቡርሃኔ፣

ይህን የምልከው በሚስ ዶሪን አድራሻ ነው። ስትመለስ ታነበዋለህ።

የጃንዋሪ አራቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ በወጣህ ማግሥት ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ሥር ቆሜ አነበብኩት። ቱባን ጠርቼ ወዲያው ደወልን። አጠቡለት ወይ ብላ ጠየቀችልኝ፤ አጥቤያለሁ አሉ። አውለበለቡለት ወይ አለች፤ እስክትሰወር አሉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፣ እሳቸው ግን ቀድመው ይቅርታ ጠየቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እሳቸው ደወሉ። ማዕበል ከነበረበት ቀን ወዲህ የመርከቢቱ ሬዲዮ አይመልስም። ኖርዌዮቹ በአውሮፕላን ፈልገዋል። ፍለጋው ቀጥሏል ወይስ ቆሟል ብላ እንድትጠይቅልኝ ለቱባ አልነገርኳትም። እሷም ሳልነግራት አልጠየቀችም። ሬዲዮ ይበላሻል፣ መርከቢቱ አሮጊት ናት ብለህ የለ።

ተናድጄብሃለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር ትላለህ፤ ለምን አልተናገርከውም? ከዚያ ደግሞ ደስ ብሎኛል ያልከው ላይ ስደርስ ንዴቴ ይጠፋል፤ ከቤት ከወጣህ ጀምሮ ይህን ቃል ጽፈህልኝ አታውቅም። በገድ ማመን ሽርክ፣ በአላህ ላይ ማጋራት፣ መሆኑን አውቃለሁ። ለራሴ በየሶላቱ እነግረዋለሁ። ሰኞ ዕለት ግን ሥራ ገብቼ ማሽኑን ላስነሳ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። የማን መርከብ ዛሬ እንደሚወጣ በምን አውቃለሁ? ካረን መጣች፣ ምን ሆንሽ አለችኝ። ያ ሳይወርድ የቀረው ልጅ የአያትሽ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ወንድማቸው ነበር አለች። ከዚያ ወደ ማጠፊያው ክፍል አዛወረችኝ። አሁን ሌላ ሰው ያጠበውን አጥፋለሁ። ቤትም ልብሱ ተከምሮ ቱባ ራሷ ተሸክማ ሳንቲም እየከፈሉ የሚያጥቡበት ኮይን ላውንድሪ ወስዳዋለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሚስ ዶሪን ጓዳህን ሲጠርጉ አልጋው ሥር ሰማያዊዋን ሸሚዝ አገኟት። አጥቤ ልላክላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ቱባ ስትተረጉምልኝ ከእጇ ስልኩን ነጥቄ በማላውቀው እንግሊዝኛ ራሴ ተናገርኳቸው። እማዬን እስክትሞት ያንገበገባት የቆሸሸ ሸሚዝ፣ አሁን ለእኔ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

አይጠቧት አልኳቸው። እንደቆሸሸች አልጋው ሥር ይመልሷት።

እህትህ ከድሪያ